ልጁ ካለበት መጀመር፦ የጥናት ማስረጃ ለትምህርት ቤቶቻችን ምን ያሳያል?

አንድ የሰበካ ጉባኤ ለትምህርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ በስብሰባው ላይ የሚነሡት ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ናቸው። አንዱ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍል ይሠራ ይላል፤ ሌላው መጻሕፍት እንዲገዙ ያሳስባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለችግረኛ ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይሰጥ ይላል። ሁሉም በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጆቻችን ዛሬ ማንበብ ይችላሉን? ልናደርግ ካሰብናቸው ነገሮችስ እንዲያነቡ የሚያበቃቸው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በተፈተነ ማስረጃ ለመመርመር እንሞክራለን፤ ስለ ትምህርት ጥናት ብዙ የተጻፈ ቢሆንም ለሰበካ ኮሚቴዎችና ለካህናት ሥራ የሚጠቅመውን ብቻ እንመርጣለን።

ችግሩ ያለበትን ደረጃ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተነጋገረው ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበር። እኛ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው እንላለን። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች ከ13 ሺህ በሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ውጤቱ በየቋንቋውና በየክልሉ ቢለያይም ችግር የሌለበት ስፍራ አልተገኘም። የዓለም ባንክም በኋላ ባወጣው ግምት፣ አሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ አመልክቷል።

ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ምን እንደሚገጥመው እናስብ። መምህሩ የዓመቱን መጽሐፍ የመጨረስ ግዴታ አለበት፤ መጽሐፉም የተዘጋጀው ልጁ ማንበብ ይችላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ልጁ የአካባቢ ሳይንስም ሆነ ሌላው ትምህርት ሲሰጥ በአካል ከክፍሉ ይገኛል እንጂ አይማርም። ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ቅርጹን እያየ ይገለብጣል፤ ደብተሩም ሙሉ ይሆናል። ወላጆቹ ደብተሩን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ እነርሱም ማንበብ ስለማይችሉ የተጻፈውን ልጁ ማንበብ አለመቻሉን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አምስተኛ ክፍል ያልፋል፤ ርቀቱም በአንድ ዓመት ይሰፋል።

ማስረጃ የምንለው ምንድን ነው?

ስለ ትምህርት ሁሉም ሰው ሐሳብ አለው፤ ተምሯልና። በመሆኑም ማስረጃን ከአስተያየት መለየት ያስፈልጋል። አንድ ደብር በበጎ ፈቃድ ለመጡ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጠ እንበል፤ በዓመቱ መጨረሻም የተማሩት ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ። ይህ ትምህርቱ ጠቅሟል ለማለት ያበቃልን? አያበቃም፤ በራሳቸው ተነሣሥተው የመጡት ልጆች ቀድሞውንም ትጉሃን፣ ወላጆቻቸውም የሚከታተሏቸው ሊሆኑ ይችላሉና። እነዚያኑ ልጆች በመስከረምና በሰኔ መዝነን ተሻሽለዋል ብንልም አይበቃም፤ ልጅ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማንም ባይረዳው እንኳ ጥቂት ማወቁ አይቀርምና።

ተመራማሪዎች ይህን ችግር ለመፍታት የሚጠቀሙበት ዘዴ ለካህናት እንግዳ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ማትያስ በይሁዳ ምትክ የተመረጠው በዕጣ መሆኑን እናውቃለን። በጥናትም ብዙ መንደሮች ወይም ትምህርት ቤቶች ተመዝግበው የትኞቹ አዲሱን ሥራ እንደሚጀምሩ፣ የትኞቹ ባሉበት እንደሚቆዩ በዕጣ ይለያል። ዕጣ ለሀብታም ወይም ለትጉህ ስለማያዳላ ሁለቱ ወገኖች ሲጀምሩ ተመሳሳይ ይሆናሉ፤ በኋላ የሚታየውም ልዩነት የመጣው ከሥራው ነው ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ በድህነት ላይ ባደረጉት ጥናት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሥራዎቻቸውም ብዙው በትምህርት ቤቶች የተደረገ ነው።

መጻሕፍት፣ ስብሰባና የንባብ ሰዓት

ከእነዚህ ጥናቶች መካከል ለእኛ የሚቀርበው በጎረቤታችን በኬንያ፣ በቡሲያ አካባቢ የተደረገው ነው። ክሬመርና ባልደረቦቹ መጻሕፍት እጅግ ለጎደሏቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ሲሰጡ ምን እንደሚሆን መረመሩ። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ መጽሐፍ መስጠት ውጤቱን ያሻሽላል ብሎ የማይገምት የለም። የተገኘው ግን የአማካዩ ተማሪ ውጤት እንዳልተለወጠ፣ የተጠቀሙትም ቀድሞውኑ በትምህርታቸው ብርቱ የነበሩት ብቻ እንደሆኑ ነው። ምክንያቱም ሩቅ አልነበረም፦ መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ይህም ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ማንበብ ለማይችል መጽሐፍ መስጠት ለተራበ ሰው ያልተፈጨ እህል እንደ መስጠት ነው። ይህን ስንል መጻሕፍት አይገዙ ማለታችን አይደለም፤ የተገዛው መጽሐፍ ማንበብ ለሚችል፣ በሚያውቀውም ቋንቋ የተጻፈ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ ማለታችን ነው።

ለሰበካ ኮሚቴዎች ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ ጃውንፑር በተባለው አውራጃ የተደረገው ጥናት ነው። በዚያ አገር ለየመንደሩ የትምህርት ኮሚቴ ነበረ፤ ነገር ግን ብዙው ሕዝብ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። ፕራታም የተባለው ድርጅትና ተመራማሪዎቹ መንደሮቹን በዕጣ ከፋፍለው ሦስት ዓይነት ሥራ ሞከሩ። በመጀመሪያዎቹ መንደሮች ሕዝቡን ሰብስበው ስለ ትምህርት ቤቱ ሁኔታና ስለ ኮሚቴው ሥልጣን አስረዱ። በሁለተኛዎቹ ከዚህ በተጨማሪ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የልጆቻቸውን ንባብ በቀላል መመዘኛ እንዲመዝኑና ውጤቱን በስብሰባ እንዲያቀርቡ አሠለጠኑ። በሦስተኛዎቹ ደግሞ ከሁለቱም በተጨማሪ የመንደሩን በጎ ፈቃደኞች ለጥቂት ቀናት አሠልጥነው ከትምህርት ሰዓት ውጪ ልጆችን ንባብ እንዲያስተምሩ አደረጉ።

ውጤቱ ኮሚቴ ለምንወድ ሁሉ የሚመር ነው። ስብሰባውና ገለጻው፣ ምዘናውም ቢጨመርበት፣ በኮሚቴው እንቅስቃሴም ሆነ በመምህራኑ ትጋት፣ በልጆቹም ዕውቀት ላይ የታየ ለውጥ አላመጣም። ለውጥ የታየው የንባብ ሰዓት በተጀመረባቸው መንደሮች ብቻ ነው። ምንም ማንበብ የማይችሉ ከነበሩት ልጆች መካከል በንባቡ የተካፈሉት፣ ከዓመት በኋላ ፊደል የመለየት ዕድላቸው በሌላ መንደር ካሉ መሰሎቻቸው በ60 በመቶ ነጥብ በለጠ። በጥቂት ቀን ሥልጠና፣ በመንደር ወጣቶች፣ ያለ አዲስ ሕንፃ የተገኘ ነው።

ሆኖም የጥናቱን ሌላ ገጽ መሸሸግ አይገባም። በእነዚያ መንደሮች ከነበሩት ልጆች በንባቡ የተካፈሉት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። መልካም የሆነ ነገር ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሲሆን እጅግ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ሳይመጡ ይቀራሉ። ስለዚህ በኋላ ሥራው ወደ ትምህርት ቤቱ ገብቶ ተሞከረ፤ እዚህም ላይ ሌላ አስደናቂ ነገር ታየ። በቢሃር ግዛት የመንግሥት መምህራን በበጋ ዕረፍት ለአንድ ወር ንባብን እንዲያስተምሩ ሲመደቡ ልጆቹ ተሻሻሉ። ሥልጠናውና መሣሪያው ብቻ ተሰጥቷቸው በመደበኛው የትምህርት ዓመት ሲያስተምሩ ግን ለውጥ አልታየም። በሁለቱም ጊዜ ያስተማሩት የመንግሥት መምህራን ናቸው፤ የተለያየው በአንዱ መጽሐፍ የመጨረስ ግዴታ ስላልነበረባቸው ልጁን ካለበት መጀመር መቻላቸው ነው። በሌላ ግዛት፣ በሃርያና፣ በትምህርት ቀን ውስጥ አንድ የተለየ ሰዓት ተመድቦ፣ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ተቧድነው፣ ክትትልም ሲደረግ ንባባቸው ተሻሽሏል።

እንግዲህ ከእነዚህ ጥናቶች የምንወስደው ቁም ነገር ዕቃ፣ ስብሰባና ሥልጠና ከንቱ ናቸው የሚል አይደለም። ልጁ ዛሬ በሚችለው ደረጃ የሚያስተምረው ሰውና ለዚህ የተጠበቀ ሰዓት ከሌለ ሌላው ሁሉ ወደ ልጁ አይደርስም የሚል ነው።

የንባብ ቤቱ ሥርዓት

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ግኝት ነውን? በየኔታ ሥር የተማረ ሁሉ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በንባብ ቤት ልጅ በዕድሜው አይመደብም። አሥር ዓመት ሞልቶት ፊደል የሚቆጥር አለ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዳዊት የሚደግም አለ። ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱ በደረሰበት ይቀጥላል፤ ዘለቅ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ የኔታም ተራ በተራ እየጠሩ ይሰማሉ። ፊደለ ሐዋርያ ሳይጠና ወደ ወንጌል፣ ወንጌል ሳይጠና ወደ ዳዊት ማለፍ የለም። በየደረጃውም በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ፣ በቁም እየተባለ ይደጋገማል።

በተለይ አቡጊዳን እናስተውል። ልጅ ሀሁን በተራ በዜማ ሲያጠና ዐይኑ ሰማይ እያየ አፉ ብቻ ሊሄድ ይችላል። አባቶች ይህን ስላወቁ የፊደሉን ቅደም ተከተል ለዋውጠው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ የሚል ሁለተኛ ተራ አበጁ። በዚህኛው የፊደሉም የድምፁም ተራ ስለሚቀያየር፣ ፊደሉን በዐይኑ ለይቶ የማያውቅ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ የንባብ መመዘኛ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ፊደላትን ያለ ተራ የሚደረድሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አቡጊዳ ማስተማሪያም መመዘኛም ነው።

ሌላም አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ማታ ማታ መጽሐፍ ሳይዝ ቃል ያጠናል፤ ያጠናውንም ያሰማል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ግን ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ ሲሆን፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። መጽሐፍ ዘግቶ ማስታወስ ዕውቀትን የሚያጸና እንጂ የሚለካ ብቻ አይደለም። መምህር ትምህርቱን ሲጀምር «ትናንት ምን ተማርን? ደብተራችሁን ሳትገልጡ ንገሩኝ» ብሎ ያለ ነጥብና ያለ ቅጣት ቢጠይቅ፣ ለዚህ የሚያወጣው ሳንቲም የለም።

ይሁን እንጂ የአባቶችን ሥርዓት ስለምንወድ ብቻ በሁሉ ትክክል ነው አንልም። በንባብ ቤት ልጁ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ ትርጉሙ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ለብዙዎች ደግሞ ከነጭራሹ ሳይመጣ ይቀራል። ለመንፈሳዊው አገልግሎት ይህ የራሱ ምክንያት አለው። ለዘመናዊው ትምህርት የሚያስፈልገው ንባብ ግን ልጁ ያነበበውን በራሱ ቃል መልሶ የሚናገርበት ንባብ ነው። ስለዚህ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ መጀመር አለበት፤ አማርኛ በሆነበት በአማርኛ፣ ኦሮምኛ በሆነበት በኦሮምኛ፣ ሲዳምኛም በሆነበት እንዲሁ። በአማርኛም ቢሆን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ የሚለየው ቋንቋውን በሚያውቅ አንባቢ ነው። በትር ይዞ ማስተማርም ዛሬ ሕግም ጥናትም የማይደግፈው ስለሆነ ወደ ንባብ ሰዓቱ አይግባ።

በሰበካ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሥራው የሚጀምረው ከአንዲት ገጽ ወረቀት ነው። በገጿ ላይ ያለ ተራ የተደረደሩ አሥር ያህል ፊደላት፣ ልጆች የሚያውቋቸው ጥቂት ቀላል ቃላት፣ አራት ዐረፍተ ነገር ያለው አጭር አንቀጽ፣ እንዲሁም ስምንት ወይም ዐሥር ዐረፍተ ነገር ያላት ትንሽ ታሪክ ከሁለት ጥያቄ ጋር ይጻፋል። በአቅራቢያ ያለ የቋንቋ መምህር በግማሽ ቀን ያዘጋጃታል። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ ያነባል፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሌሎች ልጆች እየሰሙ መሆን የለበትም፤ የሚያፍር ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳልና። ልጁ ያለ ችግር ያነበበው ከፍተኛው ደረጃ፣ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ፣ በመዝገብ ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ክፍላቸው ምንም ይሁን ምን በዚሁ ደረጃ ይቧደናሉ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ለአንድ አስተማሪ ከሃያ የማይበልጡ ልጆች እንዲሆኑ እንመክራለን። ፊደል የሚለየው ቡድን ቃል በመመሥረት፣ ቃል የሚያነበው አጫጭር ዐረፍተ ነገር በማንበብ፣ አንቀጽ የሚያነበው ታሪክ አንብቦ በመተረክ ይለማመዳል። በየአሥር ቀኑ ያቺው ዓይነት ወረቀት፣ ይዘቷ ተለውጦ፣ እንደገና ትቀርባለች፤ ደረጃውን ያለፈ ልጅ ወዲያው ወደሚቀጥለው ቡድን ይሻገራል። አስተማሪዎቹ ለክረምት የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወይም ፈቃደኛ መምህራን ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂት የትራንስፖርትና የሻይ ወጪ ካልተመደበላቸው ግን ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ እንዲቀጥሉ መጠበቅ አይገባም።

ጊዜውን በሚመለከት ክረምት አመቺ ይመስላል፤ በከተማ ለቄስ ትምህርት ቤት የታወቀ ወቅት ነው። በገጠር ግን ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወራት ስለሆኑ፣ የጃውንፑሩ 8 በመቶ በእኛም እንዳይደገም ሰዓቱ ከወላጆች ጋር ይወሰን። ደብሩ የራሱ ትምህርት ቤት ካለው ከሁሉ የሚሻለው ሰዓቱን በመደበኛው የትምህርት ቀን ውስጥ ማስገባት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ከርእሰ መምህሩና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር መስማማት ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ተደንግጓል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት የሚነበበው ስለ ላምና ጥጃ፣ ስለ ገበያና ስለ ዝናብ ይሁን፤ የየትኛውም እምነት ልጅ ሳይፈራ የሚገባበት ይሁን። በየትኛውም ስፍራ ቢሆን አንድ አዋቂ ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን ኮሚቴው አስቀድሞ ይወስን።

የሚመዘገቡት ልጆች ከቦታው በላይ ከሆኑ፣ የአባላት ልጆች ይቅደሙ የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። በሕዝብ ፊት ዕጣ ይውጣ እንላለን። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣላቸው በክረምቱ ይማራሉ፤ የቀሩት በጥር ይቀጥላሉ። በጳጉሜን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ ባላስተማሯቸው ሰዎች ይመዘኑ። ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች ማነጻጸሪያ ይሆናሉ፤ ሥራው በእርግጥ ጠቅሞ እንደሆነ ኮሚቴው ከሌላ ሰው ሳይጠይቅ በራሱ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካልታየ ገንዘቡን በዚያው መንገድ ማውጣት ከመቀጠል በፊት አስተማሪዎቹ ምን ያህል ቀን እንደተገኙ፣ ልጆቹስ ምን ያህል ቀን እንደመጡ መዝገቡን መመልከት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ለዚህ ሲባል መዝገቡ አራት ዓምድ ብቻ ይበቃዋል፦ የልጁ ስም፣ የመጀመሪያ ደረጃው፣ የተገኘባቸው ቀናት ብዛትና የጳጉሜን ደረጃው። ስም የያዘው ቅጂ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ወደ ሀገረ ስብከቱ የልማት ክፍልና ወደ እኛ የሚላከው በየደረጃው ያሉት ልጆች ቁጥር ብቻ ነው።